ከወሎ ሰፈር እስከ ካዛንቺስ የጫንኩት ካሶኒ

የዓይን መርማሪዋ ልጅ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ፊደል በቀጭን ዘንግ እየጠቆመች «ይቺስ አባባ?» አለችኝ። «ሀ ናት» አልኳት። አልነበረችም። ቀጥሎ ያለችውንም ሳትኩ። ሦስተኛዋ ላይ መገመቱ ሰለቸኝና «እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ የማየው ዘንግሽን ብቻ ነው» አልኳት። ሳቀች፤ ደግ ልጅ ናት። ከዚያ ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ጻፈችና፣ እንዳይከፋኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ መንጃ ፈቃዴ በዚህ ዓይን እንደማይታደስ ነገረችኝ። «ሞራ ነው አባባ፤ ሐኪም ይዩ» አለች። እሺ ብዬ ወጣሁ።

ሥራዬ ያለቀው እንደዚህ ነው። ሽኝት የለ፣ ንግግር የለ። መኪናዋን ሸጥኩ። ገመዶቼን ግን አልሸጥኩም፤ አልጋ ሥር ናቸው። ባለቤቴ «ምን ሊያደርጉልህ ነው?» ትለኛለች። ምን እላታለሁ? ደክሞኛል። ጉልበቴም ወገቤም ደክሟል፤ የእነሱ ድካም እንኳ ግድ የለም፣ ተኝቼ ስነሣ ትንሽ ይሻለኛል። ሌላ ድካም አለ፣ እንቅልፍ የማያስለቅቀው። ስለ እሱ ነው ልጽፍ የተነሣሁት።

ነገሩ የአንድ ፒካፕ ካሶኒ ነው። ካሶኒ የምንለው ከጋቢናው ጀርባ ያለውን ዕቃ መጫኛውን ነው። ያንን ካሶኒ ከወሎ ሰፈር ወደ ካዛንቺስ ስወስድ አንድ ሰው የቀኝ እጁን ሦስት ጣቶች አጣ፤ እኔ ደግሞ አንዲት ቃል ተናገርኩ። በዚያች ቃል የተነሣ ዘይነባ የምትባል ሴት ባሏን ያለ ጥፋቱ ዓመት ከዓመት ስትወቅስ ኖረች። ወይ እነግራታለሁ፣ ወይ ይዤው እሞታለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ የነበረኝ ምርጫ ይኸው ብቻ ነበር። እዚያ እስክደርስ ግን ከመጀመሪያው ልነሣ።

ተወልጄ ያደግኩት ካዛንቺስ ነው። ደምሴ እባላለሁ። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን በአንድ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ጫኝና አውራጅ ሆኜ ተቀጠርኩ። ኃላፊያችን ከሰላምታ በፊት በቢሮው መስኮት አንገቱን አውጥቶ «ዛሬ ስንት ምልልስ?» የሚል ሰው ነበር። ደሞዙ ያው ደሞዝ ነው፣ ከወር ወር አይደርስም። ወረቀቱ ግን አይጣል ነው፤ አንድ ቁም ሣጥን ለማድረስ ሦስት ቦታ ትፈርማለህ። ስለ እነሱ ብዙ አልልም፤ ለእኔ ምንም አላስተማሩኝም። ያስተማሩኝ ጋሽ ተሰማ ናቸው።

ጋሽ ተሰማ የምሠራበት መኪና ሹፌር ነበሩ። አጭር፣ ቀጭን፣ ወሬ የማይወዱ ሰው። ከኪሳቸው የካላማዳሪ ቁራጭ አይጠፋም፤ ጎማ ውስጥ የሚገባውን፣ አየር የሚሞላበትን ላስቲክ ማለቴ ነው። አሮጌ ካላማዳሪ መንገድ ዳር ተጥሎ ካዩ መኪና አቁመው ወርደው ያነሡታል። «ጋሼ፣ እሱንም ይሰበስባሉ?» እያልን እንስቅባቸው ነበር። በኋላ ነው የገባኝ። ገመድ ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ መሐላቸው ላስቲክ ከሌለ ወይ ገመዱ ይበላል፣ ወይ ቆርቆሮው ይታጠፋል።

ከመነሣታቸው በፊት ጭነቱን ይዞሩታል፤ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ። ከዚያ እያንዳንዱን ገመድ በጣታቸው መታ ያደርጉና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። እንደ ክራር ከጮኸ እሺ፤ ዱብ ካለ ፈትተው እንደገና ያስሩታል። ከተነሡ በኋላ ደግሞ የመጀመሪያውን መታጠፊያ እንዳለፉ ያቆማሉ። ኃላፊው ቢቆጣ፣ የዕቃው ባለቤት ቢነጫነጭ፣ ሰማዩ ቢያጉረመርም ያቆማሉ። «ገመድ መኪና ቆሞ ሲታሰር ይዋሻል፤ እውነቱን የሚያወጣው መንገዱ ነው» ይሉ ነበር። ወርደን ስናየው ሁልጊዜ፣ እኔ ምስክር ነኝ፣ ሁልጊዜ ትንሽ ላልቶ እናገኘዋለን። እሳቸውም «ይኸው» ብለው ያጠብቁታል። ሌላ ንግግር የለም።

አንድ ሌላ ሕግ ነበራቸው። በእኛ ከተማ ጭነት ላይ ሰው ማስቀመጥ ልማድ ነው። ፍራሽ ትጭንና ሰው ታስቀምጥበታለህ፤ ቆርቆሮ ትጭንና ሰው ታስተኛበታለህ፤ ገመድ ሲያጥር ሰው ትጨምራለህ። ባለ ንብረቱም ደስ ይለዋል፣ ዕቃው ላይ ተንፈላስሶ ከተማውን እያየ ይሄዳል። ጋሽ ተሰማ ግን ማንንም አያወጡም። «ሰው ገመድ አይደለም» ይላሉ፣ በቃ። ባለቤቱን ጋቢና አስገብተው ከጎናቸው ያስቀምጡታል። አንዲት ወይዘሮ ብፌዬ ላይ ካልተቀመጥኩ ብለው ግር ግር ሲሉ «እመቤቴ፣ እኔ የምፈልገው ብፌውም እርስዎም እንዲደርሱ ነው» አሏቸው። ሴትየዋ እየሳቁ ጋቢና ገቡ።

የፒካፕ ካሶኒ አጫጫንም የተማርኩት ከእሳቸው ነው። ካሶኒ አስቸጋሪ ዕቃ ነው። ለሸክም ይከብዳል፣ ለነፋስ ይቀላል። ሲያዩት ጠንካራ ይመስላል፣ ግን ጠርዙን ይዘህ ብታነሣው ይጣመማል። ሰው መኪናው ከኋላ ሲገጭበት ወይም ወለሉን ዝገት ሲበላበት፣ ከሌላ ከተጋጨ መኪና የተፈታ ካሶኒ ይገዛል። መግጠሙ የመኪና ቆርቆሮ ቀጥቃጩ፣ የባትላሜራው ሥራ ነው። ሳይጣመም ጋራዥ ማድረሱ ግን የእኛ ነው።

መጀመሪያ መለካት ነው። የነጠላ ጋቢናና የደብል ጋቢና ካሶኒ አንድ አይደለም፤ ደክመህ አድርሰህ «አይገጥምም» ብትባል የምትመልሰውም አንተው ነህ። ከዚያ የኋላ መዝጊያው ይፈታል፤ መንገድ ላይ ተከፍቶ በማን ላይ እንደሚያርፍ አይታወቅም። መብራቶቹ ይወጣሉ፣ ሽቦው ተጠቅልሎ ይታሰራል። አራት ሰው ያነሣል፣ አምስተኛው ቆሞ ያዛል። ካሶኒው የሚያዘው በጠርዙ አይደለም፤ ሆዱ ሥር ባሉት አግዳሚ ብረቶች ነው፣ ሕፃን ከሥር እንደሚታቀፈው። መኪናው ወለል ላይ ሁለት ሞራሌ እንጨት ይጋደማል፤ ካሶኒው በብረቶቹ እንጨቱ ላይ ያርፋል። ፊቱ ወደ ጋቢናው ዞሮ እስኪነካ ይጠጋል። እዚህ ላይ ጋሽ ተሰማ ጣታቸውን ያነሡ ነበር፤ «ፍሬን ስትይዝ ወደ ፊት የሚሄድበት ክፍተት አይኑረው። ካለ በእንጨት ሙላው።» ገመዱ ከሥሩ ቡሎን በሚገባባቸው ቀዳዳዎች አልፎ አራቱም ማዕዘን ላይ ይመሳቀላል። ገመዱ ቆርቆሮውን የሚነካበት ቦታ ሁሉ ካላማዳሪ ይገባበታል። ከኋላ ከተረፈ ቀይ ጨርቅ ይንጠለጠላል። ከዚያ መነሣት፣ መታጠፍ፣ ማቆም።

በዚህ ዓይነት ስንት ካሶኒ እንዳመላለስኩ አልቆጠርኩም። አንዱም አልተጫረብኝም። አንዱ ላይ ግን ሰው ተጎዳብኝ።

መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ሲቀንስ ጋሽ ተሰማ በጡረታ ወጡ፣ እኔም ተቀነስኩ። ያኔ መንጃ ፈቃድ አውጥቼ ነበር። ካዛንቺስ የጭነት መኪኖች ከሚቆሙበት ቦታ የአንድ ሰው አይሱዙ ያዝኩ። ባለ መኪናው ጠዋት ቁልፍ ሲሰጠኝ «ባዶ እንዳትመለስ» ይለኛል፤ ማታ ስመልስለት ደግሞ «ስንቴ ባዶ ሄድክ?» ይለኛል። ከመስኮቱ ሰውዬ ተገላገልኩ ስል ሌላ መጣብኝ። ሦስት ልጆች ነበሩኝ፤ ቻልኩት። በኋላ ባለ መኪናው ሲሰለቸው ለእኔው ሸጠልኝ፣ እሱ ግን ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው።

ከድርን ያወቅኩት እዚያ ቆሜ ሥራ ስጠብቅ ነው። አናጢ ነበር። መስቀል ፍላወር ጀርባ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት ነበረችው፤ አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ ወንበር ይሠራል። ወላጆቹ ከጉራጌ አገር የመጡ ናቸው፣ እሱ ግን የቂርቆስ ልጅ ነው። ቢበልጠኝ በሁለት ዓመት ነው። እንጨት ማገጣጠሙን ማንም ይችላል፤ ከድር ስሙ የተጠራው በቅርጽ ነበር። አልጋ ራስጌ ላይ አበባ ሲቀርጽ መሮውን ገፋ፣ ትንሽ ዞር፣ እንደገና ገፋ ያደርግና ቅጠሉ ይወጣል። ልብስ እንደሚተኩስ ሰው ዘና ብሎ ነው የሚሠራው። ሙሽሮች ሦስት ወር ቀድመው ያዝዙት ነበር። ትልልቅ ዕቃ ሲኖረው እኔ አደርስለታለሁ፤ አነስ ያለውን በራሱ አሮጌ ፒካፕ ይወስዳል።

ያ ፒካፕ በቆመበት ከኋላ ተገጨ። ካሶኒው ተጨማደደ። ከድር ሲፈልግ ሰንብቶ ወሎ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ልኩ የሆነ ካሶኒ አገኘ። ፒካፑ ካዛንቺስ ጋራዥ ገብቶ ቆሞ ነበር። «ደምሴ፣ አንተ ካላመጣኸው ለማንም አላምንም» አለኝ። ሐሙስ ተቀጣጠርን።

ሐሙስ ጠዋት ሌላ ሥራ መጣ። ከቦሌ መንገድ አንድ የማተሚያ ማሽን በትልቅ የእንጨት ሣጥን ታሽጎ ወደ ካዛንቺስ የሚሄድ። ከባድ ነበር። ሁለቱን ሞራሌዎች ሥሩ አደረግኩ፤ ገመዴንም ሁሉ ማለት ይቻላል እሱ ላይ ጨረስኩ። አድርሼው መመለስ ነበረብኝ። ግን ካዛንቺስ ደርሼ ወደ ወሎ ሰፈር ስመለስ ባዶ ልሄድ ነው፤ የጭነት መኪና የሚከለከልበት ሰዓትም እየደረሰ ነበር። «በአንድ ጉዞ ልገላገለው» ብዬ በዚያው ወሎ ሰፈር ገባሁ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነው።

ከድር ከጫኞቹ ጋር እየጠበቀኝ ነበር። ካሶኒውን በደንብ አነሡት፤ እዚያ ላይ ስህተት የለም። ከሣጥኑ በስተኋላ አሳረፍነው። እንጨት የለው፣ ባዶው የመኪናዬ ወለል ላይ፣ ላሜራ በላሜራ። ከሣጥኑ ጋር አንድ ስንዝር ያህል ክፍተት ቀረ። በቀሩኝ ሁለት ገመዶች ከኋላ በኩል አሰርኩት። ጫኞቹ ሒሳባቸውን ተቀብለው ሄዱ፤ ከድር ዞር ዞር ብሎ አየ።

«የፊቱስ?» አለኝ።

«ገመድ አለቀብኝ።»

«ታዲያ እንዴት ይሁን?»

«አንተ ውጣና ፊቱን ያዝልኝ። ካዛንቺስ ድረስ ነው፣ ምን ሩቅ ነው?»

ትክ ብሎ አየኝ። «አንተ እኮ ሰው አታወጣም ነበር።»

«ዛሬ ብቻ ነው። ውጣ እባክህ ከድር፣ ሰዓቱ ሄደ።»

ጫማውን መሬት ላይ ጠራረገና ወጣ። ካሶኒው ውስጥ ቁጭ ብሎ በቀኝ እጁ የፊቱን ጠርዝ ያዘ። ጣቶቹ ከጠርዙ ውጪ ሣጥኑን እያዩ ነበር። እኔም አየሁ። አይቼ ነው ጋቢና የገባሁት።

የመጀመሪያውን መታጠፊያ አለፍኩ። አላቆምኩም። ረስቼው ቢሆን ይሻል ነበር፤ አልረሳሁትም። «ኦሎምፒያ ላይ አቆማለሁ» አልኩ። ኦሎምፒያ ስደርስ ከኋላዬ ጡሩምባ በዛና «ኡራኤል ላይ» አልኩ። ኡራኤል ልደርስ ስል ከፊቴ ያለው ሚኒባስ ተሳፋሪ አየና መሐል መንገድ ላይ ቀጥ አለ። ፍሬን ያዝኩ። ሚኒባሱን አልነካሁትም፣ በጊዜ ነው የያዝኩት። ከጀርባዬ ግን ቆርቆሮ እንጨት ሲመታ ሰማሁ።

ጩኸት አልነበረም። ወርጄ ስሮጥ ከድር ካሶኒው ውስጥ ተንበርክኮ፣ ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ይዞ፣ ፊቱ ነጥቶ አገኘሁት። ጣቶቹ በካሶኒውና በሣጥኑ መሐል ነበሩ።

«ደምሴ፣ ወደ ኋላ ግፋልኝ» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

መንገደኞች ዘለው ወጡ፣ ገፋን፣ እጁን አወጣን። አንዲት ሴት ነጠላዋን አውልቃ ጠቀለለችለት። የትራፊክ ፖሊሱ ደረሰ። መጀመሪያ ጭነቱን አየ፤ ያንን ስንዝር ክፍተት፣ ያቺን ሁለት ገመድ። ከዚያ እኔን።

«ሰው ጭነት ላይ የምታወጣው ምን ነክቶህ ነው? ፈቃድህን አምጣ» አለኝ።

እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ። ያኔ ከድር፣ ነጠላው ደም እየጠጣ፣ ከላይ ሆኖ ተናገረ። «እሱ አላወጣኝም። አትውጣ ብሎኝ ነበር። ንብረቴ ነው ብዬ በእልህ የወጣሁት እኔ ነኝ። ጋቢና ሲገባ አላየኝም።»

ፖሊሱ ወደ እኔ ዞረ። «እውነት ነው?»

ከድር አየኝ። እኔም አየሁት። «አዎ» አልኩ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። ያቺ ቃል ወጣች፤ መዝገብ ላይ ሰፈረች። እኔ በጭነቱ አስተሳሰር ተቀጣሁ፤ ሰው አሳፍሮ በማስጎዳት ግን አልተጠየቅኩም። መንጃ ፈቃዴ ኪሴ ቀረ። ከድር ሌባ ጣቱን፣ የመሐሉንና የቀለበት ጣቱን ቀዶ ጥገና ክፍል ጥሎ ወጣ።

ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ ዘይነባ እየሮጠች መጣች። ሚስቱ ናት፤ ከዚያ በፊት ዕቃ ላደርስ ቤታቸው ስሄድ አይቻታለሁ። አልቅሼ «ይቅርታ» ልላት ስል እጄን ያዘችው። «ነገሩኝ። አትውጣ ብለኸው ነበር አሉኝ። አላህ ይስጥህ፣ አንተስ የቻልከውን አድርገሃል። የእሱ እልህ ነው እንጂ» አለችኝ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። «አይዞሽ» ብቻ አልኳት። በዚያ ቀን ከተበላሸው ነገር ሁሉ ትልቁ ይኼ ነው፤ ከፍሬኑም፣ ከገመዱም፣ ለፖሊሱ ካልኩትም ይበልጣል።

በማግስቱ ጋሽ ተሰማ ቤት ሄድኩ። በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ስለ ጣቶቹ ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ገመዱ ስንት ነበር?»

«ሁለት።»

«ክፍተቱን በምን ሞላኸው?»

«በምንም።»

«ማን ነው ያወጣው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ «እኔ ፖሊስ አይደለሁም፤ ከፖሊሱ ጋር ያለህን አንተ ታውቃለህ። ሚስቱ ግን ትወቅ። ሰውዬው የሚኖረው እሷ ጋ ነው እንጂ ትራፊክ ጋ አይደለም» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ከዚያ በኋላ በሄድኩ ቁጥር «ነገርካት?» ይሉኛል። «አልተመቸኝም» እላለሁ። እንዲህ ስንባባል ዓመታት ሄዱ። በኋላ መጠየቁን ተዉት፤ እሱ ደግሞ ባሰብኝ። ሳልነግራት ሞቱ።

እሳቸው ያሉት አልቀረም። ከድር ቀስ እያለ በግራ እጁ መጋዝ ለመደ፣ መዶሻ ለመደ። መሮ ግን እምቢ አለው። አበባው ቀረ። ጠረጴዛና መደርደሪያ ሠሪ ሆነ፤ ሙሽሮቹ ወደ ሌላ ሄዱ። በቤቱ ነገር በጎደለ ቁጥር ዘይነባ «ማን ውጣ አለህ?» ትለዋለች። ክፉ ሴት ሆና አይደለም። ሥራው ሲቀዘቅዝ፣ የልጆቹ ልብስ ሲያጥር፣ ሰው የሚይዘው ነገር ይፈልጋል፤ እሷ የያዘችው እኔ የሰጠኋትን ነው። ወንድሞቹም ያንኑ ይሉታል።

እኔ ደግሞ እዚያ ቤት የተከበርኩ ሰው ሆንኩ። ለኢድ ይጠሩኛል። ዘይነባ ለእኔ ብላ በክርስቲያን ያሳረደችውን ጥሩ ጥሩውን ሥጋ አንሥታ ታስቀምጣለች። እንግዳ ሲመጣ «ይኼ ደምሴ ነው፣ አትውጣ እያለው የወጣበት» ብላ ታስተዋውቀኛለች። ልጆቿን «እንደ ደምሴ ጥንቁቅ ሁኑ» ትላለች። ከድር በግራ እጁ እየጎረሰ ያዳምጣል። እኔ እጎርሳለሁ። ያ ምግብ እንዴት እንደሚወርድ የሚያውቅ የቀመሰው ብቻ ነው።

አንድ ቀን ሥራ ቤቱ ሄጄ «ከድር፣ ልንገራት?» አልኩት። እንጨት እየለካ ነበር፤ ቀና አላለም። «ተወው፣ አልፏል» አለኝ። ተወው ስላለኝ ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ። በዚያን ጊዜ ልጆቼ ትንንሽ ናቸው፣ ፈቃዴ ከተነካ ቤቴ ይፈርሳል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ልጆቹ አደጉ፤ መኪናዋ የራሴ ሆነች፤ ያኔም አልነገርኳትም። ምክንያቱ ሲያልቅ ሐፍረት ተተካ።

ሥራዬን ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላጎደልኩም። ስነሣ ዞሬ አያለሁ፣ ገመዱን አዳምጣለሁ፣ መታጠፊያውን አልፌ አቆማለሁ። ማንንም ጭነት ላይ አላወጣሁም። መቆሚያው ላይ «የካዛንቺሱ መምህር» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ልማዱ የመጣው ከጸጸት መሆኑን አያውቁም። ከተማው በዙሪያዬ ተለወጠ፤ ጋራዡ ፈርሶ ሆቴል ተሠራበት፣ የማውቃቸው ባትላሜራዎች ወደ ዳር ወጡ፣ ካሶኒ የሚያስጭነኝ ሰው እየቀነሰ ሄደ። ዓይኔም አብሮ።

ያን ቀን ከዓይን ምርመራው ስወጣ አስፋልቱ ዳር ቆምኩ። አሥራ አራት ዓመት በከድር ጣቶች የተገዛ ፈቃድ ይዤ ስነዳ ነበር። አሁን ወረቀት ሆኖ ቀረ። የሚወስድብኝ ፖሊስ የለም፤ የሚራብብኝ ልጅ የለም። ከእንግዲህ ዝም ካልኩ ለልጆቼ ብዬ ነው ማለት አልችልም።

በማግስቱ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ከካዛንቺስ በእግሬ ወረድኩ። በኡራኤል አላለፍኩም፤ ዞርኩ። መስቀል ፍላወር ወዳለው ቤታቸው ገባሁ። ከድር በረንዳው ላይ ተቀምጦ ወንበር እየጠገነ ነው። ዘይነባ «ደምሴ፣ ምነው ጠፋህ?» ብላ ሻይ አመጣችልኝ። አጠገባችን ተቀመጠች። ሻዩን አልነካሁትም።

«ዘይነባ፣ ያን ቀን አትውጣ አላልኩትም» አልኳት። «ውጣ ያልኩት እኔ ነኝ። ገመድ አልቆብኝ ነበር። እሱ እንኳ አመንትቶ ነበር፤ እባክህ ብዬ ለምኜ ነው ያወጣሁት። ከዚያ ፖሊሱ ሲጠይቀኝ ዋሸሁ። አንቺንም ዋሸሁሽ።»

ከድር መዶሻውን አስቀመጠ። ዘይነባ እኔን አላየችኝም፤ ወደ ባሏ ዞረች።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ያን ሁሉ ዓመት ስናገርህ… በወንድሞችህ ፊት፣ በልጆችህ ፊት… አንድ ቀን እንኳ ለምን አልነገርከኝም?»

ከድር መሬት መሬት አየ። «ሹፌር ነው ዘይነባ። ፈቃዱን ቢወስዱበት ምን ይሠራል? እኔ ሌላ እጅ ነበረኝ።»

ይህን ምክንያቱን ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። አለቀስኩ፣ ሽማግሌ ሰውዬ፣ በረንዳ ላይ። ዘይነባም ታለቅስ ነበር፣ ግን ለእኔ አልነበረም። ከድርን እያየች «ለእኔስ ብትነግረኝ ለማን አወራብሃለሁ? አፌን ይዤ አብሬህ አልኖርም ነበር?» ትለው ነበር። ያ እጁ ጉልበቱ ላይ እንደተቀመጠ ነው።

«ይቅር በይኝ» አልኳት።

ዓይኗን ጠርጋ አየችኝ። ለአሥራ አራት ዓመት «አንተ» ስትለኝ የኖረች ሴት «እሱ መንገድ ላይ ያኔውኑ ይቅር ብሎዎታል። እኔ ግን የሰማሁት ዛሬ ነው» አለችኝ። ድምፅዋ አልተቆጣም፤ ደክሟት ነበር። «አሁን ይሂዱ። ይቅር ያልኩዎት ቀን እኔው ራሴ እጠራዎታለሁ።»

ተነሥቼ ወጣሁ። ከድር ሊሸኘኝ ተነሥቶ ነበር፣ «ቁጭ በል፣ ከአንተ ጋር ገና አልጨረስንም» አለችው። ተቀመጠ።

ይኸው አራት ወር አለፈ። ኢድም መጥቶ ሄደ። አልጠራችኝም። እውነቷን ነው።